በሐረጎ አቀበት ላይ የሚያፏጭ የአሮጌ ሂሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል፣ በግቢ ውስጥ እንዴት ይታደሳል?

ጥያቄው፦ «ደሴ ነኝ። የአባቴን የ1982 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ሂሉክስ፣ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ግቢዬ ውስጥ እያደስኩ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን አቀበት ስወጣ ከኋላ በኩል ያፏጫል፤ ነዳጅ ስለቅ ፉጨቱ ይቀንሳል። በቀኝ የኋላ ጎማ በኩል ደግሞ ዘይት ወርዶ የፍሬኑን ሸራ አርሶታል። አንዱ መካኒክ የፒኞኑን ዳዶ ጠበቅ አድርገው አለኝ፤ ሌላው ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ሙሉውን አምጥተህ ቀይረው አለኝ። ራሴ ማደስ እችላለሁ? ከየት ልጀምር?»

ይችላሉ። የሚያስፈልግዎት ትዕግሥት፣ ሁለት ሦስት መለኪያ እና ለግማሽ ቀን ፕሬስ የሚያሠራዎት ጋራዥ ነው። የፒኞኑን ዳዶ ግን አይንኩት። ፒኞን ከሞተር የሚመጣውን ዙር የሚቀበለው ትንሹ ጥርስ ነው፤ እሱ የሚያዞረው ትልቁ ክብ ጥርስ ኮሮና ይባላል።

በዚህ ሞዴል ላይ በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል እየተጨፈለቀ ልክ የሚይዝ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። ፋብሪካ ላይ ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦው የተወሰነ ያህል ተጨፍልቆ ይቆማል፤ ኩሽኔታዎቹ ምን ያህል ተጠብቀው እንደሚዞሩ የሚወስነውም እሱ ነው። በዚያ ላይ ሩብ ዙር ቢጨምሩ ቱቦው ይበልጥ ይጨፈለቃል፣ ኩሽኔታዎቹ ይታነቃሉ፣ አቀበቱን ሳይጨርሱ ይግላሉ። ቢያላሉትም ቱቦው ወደ ቀድሞ ቁመቱ አይመለስም። ፒኞኑ ልል ሆኖ ከነበረ ፉጨቱ ለጥቂት ቀን ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን ምክር ያቆየው ያ ነው። ጥርስና ኩሽኔታ የሚበላው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ሙሉውን አምጥቶ መቀየርም መንገድ ነው፤ ነገር ግን ከመክፈልዎ በፊት ጥርስ ይቁጠሩ። የእነዚህ ሂሉክሶች ዲፈረንሻል በተለያየ ጥርስ ነው የተሠራው። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ከሆነ 4.10 ነው፤ 35 ለ 8 ከሆነ 4.375፤ 43 ለ 10 ከሆነ 4.30፤ 41 ለ 9 ከሆነ 4.56፤ 39 ለ 8 ከሆነ 4.88። የፊቱና የኋላው አንድ ካልሆኑ አስፋልት ላይ ፎር (አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን) ሲያስገቡ ሁለቱ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ በመጨረሻ የሚሰበረው ፎር ማስገቢያው ካምቢዮ ወይም ክሮቼራው (የፕሮፔለር ሻፍቱ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ነው። «ያው የሂሉክስ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል እዚህ ላይ አይበቃም።

አሁን ወደ ድምፁ። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለዚህ ምርመራ የሚመች ነው፤ ሲወጡ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፣ ሲወርዱ ጎማው ሞተሩን ይገፋል። የኮሮናው ጥርስ ሁለት ገጽ ስላለው አቀበት ላይ የሚሠራው አንዱ፣ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ሲይዙ የሚሠራው ሌላው ነው። እርስዎ እንዳሉት አቀበት ላይ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የመግፊያው ገጽ ተበልቷል ወይም ፒኞኑ ከቦታው ፈቀቅ ብሏል። ቁልቁለት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚጠረጠረው የፒኞኑ የፊት ኩሽኔታ መላላት ነበር። በሁለቱም ጊዜ ሳይቀየር ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ጉርምርምታ የኩሽኔታ ነው፤ ሰፊ አስፋልት ላይ መሪውን ቀስ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዙ ከተለወጠ የጎማው ኩሽኔታ ነው። በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ የሳተላይት ጥርሶቹ (በመታጠፊያ ላይ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርጉት ትንንሽ ጥርሶች) ነው። ሲነሱ «ጓ» የሚል ምት ካለ ዲፈረንሻሉን ከመክሰስዎ በፊት ክሮቼራውን በእጅ ይፈትሹ። የጭቃ ጎማ ከገጠሙ ደግሞ ድምፁ ጠጠር መንገድ ላይ ከጠፋ፣ ሲያፏጭ የኖረው ጎማው ሊሆን ይችላል።

መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቸል አይበሉ። የደሴ ግቢ ሁሉ ተዳፋት ነው ማለት ይቻላል። የሂሉክስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፤ የኋላውን ካነሱት የእጅ ፍሬኑም አንደኛ ማርሹም አይዙም። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹን ቁልፍ (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውን) ይቆልፉ፣ ፎር ያስገቡ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ይተዉት፣ በፊት ጎማዎቹም በቁልቁለቱ በኩል ሽብልቅ ያድርጉ። በክሪክ ብቻ ተደግፎ ሥር መግባት የለም። ብሎኬት አይደርድሩ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት ማቆሚያ ከሌለ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ግማሽ ሜትር ግማሽ ሜትር አስቆርጠው መስቀለኛ አድርገው በሻንሲው ሥር ይደርድሩ።

ዘይቱን ያፍስሱና ይዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የጋለ ዲፈረንሻል ቦርከናን የመሰለ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ባንዴ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ውኃውንም በፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው የጎማ ቀለበት) በኩል ይስባል። ይህ የሚሆነው አክስሉ ቤት አናት ላይ ያለችው መተንፈሻ በጭቃ ስትደፈን ነው። መተንፈሻዋ ስትደፈን ግፊቱ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ሲግል ዘይቱን በጎማው በኩል ይገፋዋል። የቀኙ ፍሬንዎ የረሰረሰው በዚህ ምክንያት ከሆነ አዲስ ፓራኦሊዮም በወሩ ያፈስሳል። ስለዚህ መጀመሪያ መተንፈሻዋን ፈትተው በቤንዚን ይጠቡ፤ በአፍ ሲነፉባት አየር ማሳለፍ አለባት።

ከዚያ ታምቡሩን ያውጡ። አልወጣ ካለ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን እያፈራረቁ ያስገቡ፤ ራሱ ይገፋል። የፍሬኑን አቧራ በአየር አይንፉ፤ አሮጌ ሸራ ውስጥ ለሳንባ የሚከፋ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በሳሙና ውኃ ይጠቡት። የፍሬን ቧንቧውንና የእጅ ፍሬኑን ገመድ ይፍቱ፤ አክስሉ የሚወጣው ከነፍሬኑ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ከአክስሉ ቤት ጋር ያያዙትን አራት ዳዶዎች ይፍቱ። አክስሉ ከተጣበቀ ታምቡሩን ገልብጠው በጎማ ዳዶዎች ልል አድርገው ይሰሩና ወደ ውጭ ይንጡት፤ በሁለት ሦስት ምት ይለቃል። ሲያወጡ ክብደቱን በእጅ ይደግፉ፤ የአክስሉ ጫፍ ጥርስ በውስጥ በኩል ያለውን ፓራኦሊዮ እንዳይጭረው።

ፕሮፔለር ሻፍቱን (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ) ከመፍታትዎ በፊት በሁለቱ ፍላንጆች (በብሎን የሚጋጠሙት ጠፍጣፋ ፊቶች) ላይ በቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፤ በዚያው መልሰው እንዲገጥሙት። ኮሮናውንና ፒኞኑን የተሸከመው የብረት አካል (ከዚህ በኋላ ተሸካሚው እንበለው) በ10 ዳዶዎች ተይዞ ወደ ፊት ይወጣል። ክብደቱ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆነ ደረት ላይ አይቀበሉት፤ ክሪክ ወይም የተደራረበ ጎማ ሥሩ ያድርጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ተሸካሚውን ሞርሳ ላይ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስረው፣ አንድም ብሎን ሳይፈቱ፣ አራት ነገር ይለኩና ይጻፉ። አንደኛ፣ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ኮሮናው ጥርስ ላይ አሳርፈው ፒኞኑን በእጅ ይዘው ኮሮናውን ያወዛውዙ፤ በአራት ቦታ። ፋብሪካው የሚፈልገው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛ፣ በኮሮናው ጀርባ ላይ ጌጁን አድርገው ያዙሩ፤ ከ0.10 በላይ ከተወዛወዘ ወይ ቆሻሻ ከሥሩ አለ ወይ ተጣሟል። ሦስተኛ፣ የዘይት ቀለም ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ወፍራም አድርገው በጥብጠው ስድስት ሰባት ጥርስ ቀብተው ኮሮናውን በእጅ ይዘው እየተጫኑት በሁለቱም አቅጣጫ ያዙሩ፤ ቀለሙ የተጠረገበትን በስልክ ፎቶ ያንሱ። አራተኛ፣ ፒኞኑን ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ፤ በእጅ የሚሰማ መነቃነቅ ካለ ኩሽኔታው አልቋል።

ይህ ጽሑፍና ፎቶ ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል? አሮጌ ኮሮናና ፒኞን 40 ዓመት አብረው የተፋጩ ናቸው። አንዱ በሌላው ላይ የራሱን ገጽ ሠርቷል። ኩሽኔታ ብቻ ቀይረው ጥርሱን መልሰው የሚጠቀሙ ከሆነ መመለስ ያለባቸው ወደነበሩበት ቦታ ነው። ክፍተቱ 0.22 ከነበረ 0.22 ላይ ይመልሱት፤ «መጽሐፉ 0.15 ይላል» ብለው ቢያጠቡት ጥርሶቹ ባልለመዱት ቦታ ይገናኛሉ፤ ዝም ይል የነበረው ማፏጨት ይጀምራል። የመጽሐፉ ቁጥር ለአዲስ ጥርስ ነው።

የጎን ኩሽኔታ ካፖቹን (ኩሽኔታዎቹን አቅፈው የሚይዙትን ክዳኖች) ከመፍታትዎ በፊት በፑንቶ (ነጥብ መምቻ ብረት) አንዱን በአንድ ነጥብ፣ ሌላውን በሁለት ነጥብ ይምቱ፤ ተሸካሚው ላይም እንዲሁ። ካፖቹ ከተሸካሚው ጋር አብረው የተቦረቦሩ ስለሆኑ ቢቀያየሩ አይገጥሙም። የፒኞኑ ዳዶ ጠርዙ ተመቶ የተቆለፈ ነው፤ በመሮ ያቃኑት። ፍላንጁ እንዳይዞር አንድ ሜትር ብረት ሁለት ቀዳዳ አስበስተው በፍላንጁ ብሎኖች ይሰሩት። ይህችን ብረት አይጣሏት፤ ስትመልሱም ዋናዋ መሣሪያ እሷ ናት።

ሁሉም ከወጣ በኋላ በናፍጣ አጥበው ጥርሶቹን በፀሐይ ይዩ። ጥርሱ ላይ የተፈነከተ፣ የተላጠ፣ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ወይም ጠርዙ እንደ ቢላ ከሳለ ስብስቡ ይቀየራል። ኮሮናና ፒኞን አንድ ላይ የሚሸጡት አንድ ላይ ተፈጭተው ስለሚወጡ ነው፤ ሁለቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑን አይተው ይግዙ፤ ኮሮና ከአንዱ ፒኞን ከሌላው አይጣመርም። ኩሽኔታ ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ የታተመበትን ቁጥር ያመሳስሉ። ዋናው ወጪ ይህ ስለሆነ ርካሹን አይፈልጉ። ፒኞን ላይ ያለ ኩሽኔታ ከጎማው አራት እጥፍ በላይ ነው የሚዞረው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በደቂቃ 2,000 ያህል። ከኩሽኔታዎቹ ጋር ሁለት የሚጨፈለቅ ቱቦ (አንዱ መጠባበቂያ)፣ አንድ የፒኞን ዳዶ፣ አንድ የፒኞን ፓራኦሊዮ፣ ለየጎማው የውስጥና የውጭ ፓራኦሊዮ እና የአክስል መቆለፊያ ቀለበት ይያዙ።

ኮሮናውን ከቤቱ ካነሱት መልሶ ለማስገባት በመዶሻ አይምቱት፤ በፈላ ውኃ ያሙቁት። ደሴ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ 100 አይሞላም፤ ቢሆንም ይበቃል፤ በየ100 ሚሊሜትር ስፋት 0.08 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል። ውኃውን ፈጥነው ያድርቁት፣ ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በ97 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

የፒኞኑ ጥልቀት የሚወሰነው በፒኞኑ ራስና በውስጠኛው ኩሽኔታ መካከል ባለች ሮንዴላ (ቀጭን የብረት ቀለበት) ነው። የድሮዋን በማይክሮሜትር ለክተው መጀመሪያ እሷኑ ይመልሱ። ሮንዴላዎቹ በ0.03 ሚሊሜትር እየተለያዩ ይመጣሉ። ችግሩ ሮንዴላ በቀየሩ ቁጥር ኩሽኔታውን በፕሬስ ማውጣት ነው፤ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ለዚህ መላ አለው፦ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዘው ቶርኖ ቤት ይሂዱና የውስጡን ቀለበት በእጅ እስኪገባና እስኪወጣ ድረስ ያስፉት። መሞከሪያዎ ይሆናል። ልኩ ሲገኝ ብቻ አዲሱን በፕሬስ ያስገቡታል። ሲሞክሩ የሚጨፈለቀውን ቱቦ አያስገቡ፤ ዳዶውን ቀስ ብለው ኩሽኔታው ልክ እስኪይዝ ብቻ ያጥብቁ።

ከዚያ ኮሮናውን ገጥመው ቀለም ይቀቡ። ለአዲስ ጥርስ ምልክቱ በጥርሱ ቁመት መካከል፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ውስጠኛው ጠባብ ጫፍ ያጋደለ ቢሆን ጥሩ ነው። ምልክቱ ወደ ጥርሱ አናትና ወደ ውጭው ሰፊ ጫፍ ከሄደ ፒኞኑ ርቋል፤ ወፍራም ሮንዴላ ያስገቡ። ወደ ጥርሱ ሥርና ወደ ውስጠኛው ጫፍ ከገባ ፒኞኑ ጠልቋል፤ ቀጭን ያስገቡ። በ0.05 ወይም በ0.10 ለውጥ ምልክቱ ሲንቀሳቀስ በዓይን ያዩታል። ክፍተቱን ለማስተካከል ግን ሮንዴላ አይንኩ፤ እሱ የሚስተካከለው በጎን ባሉት ባለ ጥርስ ዳዶዎች ነው፤ አንዱን ባላሉት መጠን ሌላውን ማጥበቅ። ሁለቱም ልክ ከነኩ በኋላ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ጥርስ ይጨምሩ፣ ካፖቹን በ78 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ክፍተቱን በአራት ቦታ ደግመው ይለኩ።

ልኩ ከተገኘ ሁሉን አውርደው አዲሱን ኩሽኔታ በፕሬስ ያስገቡ፤ ፕሬሱ የሚገፋው የውስጡን ቀለበት ብቻ ይሁን። አሁን ቱቦው ይገባል፣ ፓራኦሊዮው ከንፈሩ ግራሶ ተቀብቶ ይገባል፣ አዲሱ ዳዶ ይታሰራል። ቱቦው መጨፍለቅ ሲጀምር ጉልበት ይፈልጋል፤ የአንድ ሜትሯ ብረት የምታስፈልገው ለዚህ ነው። መነቃነቁ እንደጠፋ በትንሽ በትንሹ፣ በሰዓት ፊት ላይ የአንድ ደቂቃ ርቀት በምታህል ብቻ እየገፉ፣ በየመሃሉ ይለኩ። ለአዲስ ኩሽኔታ ፒኞኑን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 1.9 ኒውተን ሜትር ነው፤ አሮጌ ኩሽኔታ ከመለሱ ግማሹ። ውድ መለኪያ አይፈልግም፦ ፍላንጁ ላይ ሲባጎ ጠምጥመው በገበያ የእጅ ሚዛን ይጎትቱ። ሲባጎው ከመሃል 5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ሚዛኑ 3.8 ኪሎ ያህል ሲያሳይ ልክ ነው። የሚያነቡት ሲዞር እንጂ ለመነሳት ሲንገታገት አይደለም። ካለፈ አላልተው አይቀጥሉ፤ ሁለተኛውን ቱቦ አውጥተው እንደገና። መጠባበቂያ የገዙት ለዚህ ነው። ልኩ ሲደርስ የዳዶውን ጠርዝ መትተው ይቆልፉ።

የጎማው ኩሽኔታ በመዶሻ አይገባም፤ ኳሶቹ ቀለበቱ ላይ ነጥብ ይመታሉና ሳይውል ሳያድር ማጉረምረም ይጀምራል። አክስሎቹን ከነአዲሱ ኩሽኔታ ፕሬስ ያለበት ጋራዥ ይውሰዱ። አክስሉ ላይ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ይፈትሹ፤ መስመር ከበላ አዲሱን ፓራኦሊዮ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አሳልፈው በንጹሕ ቦታ ያሳርፉት። ሲያስገቡት ሰፊ ቧንቧ ወይም ጠፍጣፋ እንጨት ይጠቀሙ፤ አንድ ጠርዝ ብቻ ከተመታ ጠማማ ይገባል። አራቱን ዳዶዎች በ69 ኒውተን ሜትር። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ቢቃጠልም አይድንም፤ ሁለቱንም ጎን ይቀይሩ፤ የአንዱን ብቻ ከቀየሩ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ በኩል ይጎትታል። ከዚያ የፍሬኑን አየር ማስወጣት አይርሱ።

ተሸካሚው የሚያርፍበትን ፊት ከአሮጌ ጋስኬት በሚገባ ያጽዱ፤ ሲሊኮን በሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ከብሎኖቹ በስተውስጥ አዙረው፣ ሳይደርቅ ይግጠሙ፤ ዳዶዎቹን በ25 ኒውተን ሜትር። ሌሊቱን ካደረ በኋላ የዲፈረንሻል ዘይት ይሙሉ፤ ደረጃው ጂኤል 5፣ ውፍረቱ 80 ደብሊው 90፣ ሁለት ሊትር ከትንሽ፤ ከመሙያው ቀዳዳ ሞልቶ ሲንጠባጠብ ያቁሙ። ሥራዎ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ቆላ ከሆነና ጭነት ካለ 85 ደብሊው 140 ይሻላል፤ በደሴ ብርድ ጠዋት ግን ወፍራሙ ዘይት ጥርሱ ዘንድ ለመድረስ ይዘገያል። ይህንኑ ጂኤል 5 ካምቢዮው ውስጥ አይጨምሩ፤ የመዳብ ቅይጥ የሆኑትን ማርሽ ማስገቢያ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐይቅ ይሁን እንጂ ወደ ኮምቦልቻ አይሁን፤ ከኮምቦልቻ መመለሻው ሙሉ አቀበት ነው። ያለ ጭነት፣ በቀስታ፣ 15 ኪሎ ሜትር ሄደው ይቁሙና እጅዎን ከፍላንጁ ኋላ ባለው አካል ላይ ያሳርፉ። ሞቅ ማለቱ አይቀርም፤ እስከ አምስት ለመቁጠር ካቃተዎ ቀዝቅዞ ይቆይና ደግመው ይፈትኑት። ውኃ ጠብ ሲያደርጉበት የሚንጨረጨር ከሆነ ግን ኩሽኔታው ታንቋል፤ ነድተው አይመለሱ፣ ያስጎትቱት። አዲስ ጥርስ ከገጠሙ ይህን አጭር ጉዞና ማቀዝቀዝ ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት፤ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አይጫኑ። 500 ሲሞላ ዘይቱን ያፍስሱ። እንደ ብር ብናኝ የመሰለ ደለል የመፋጨት ነው፤ ጣት የሚይዘው ቅንጣት ወይም ስንጥር ካገኙ ተሸካሚውን መልሰው ያውርዱት።